ያልሰማው ሰው ስም

አንድ ታሪክ እየሰማችሁ፣ ገና መሐሉ ላይ ሳይደርስ፣ «ይህን ቦታ አውቀዋለሁ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ታሪኩን ከዚያ በፊት ሰምታችሁት አይደለም። ሰዎቹ አዲስ ናቸው፤ አገሩም የማታውቁት ነው። ግን አንዲት እናት ለልጇ «ይህን ሣጥን እንዳትከፍት» ስትለው ሣጥኑ እንደሚከፈት ወዲያው አወቃችሁ። ቡቱቶ የለበሰ መንገደኛ ደጅ ቆሞ ውኃ ሲለምን፣ ቡቱቶው ውስጥ ያለው ሌላ ሰው እንደሆነ ጠረጠራችሁ። ሦስት ወንድማማቾች ለመንገድ ሲነሡ ዓይናችሁን ታናሽየው ላይ ጣላችሁ። ማንም አልነገራችሁም፤ ግን አወቃችሁ።

ይህ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ይደርስብኝ ነበር፤ የአማርኛ መምህር ስሆን ደግሞ ሥራዬ ሆነ። የማስተምረው ግሼ ውስጥ፣ ራቤል ከተማ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ትውልዴ ግን መርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ሁለቱን አገሮች በካርታ ስታዩአቸው ጎረቤት ይመስላሉ። በመካከላቸው ገደልና ወንዝ ስላለ መኪናው የሚሄደው ዙሪያውን ነው፤ መንገድ ላይ ማደርም አለ። ይህ ኋላ ስለሚያስፈልጋችሁ ከወዲሁ ነገርኳችሁ።

ሥራውን እንዴት እንደጀመርነው ላስረዳ። መማሪያ መጽሐፉ ስለ ታሪክ አወቃቀር ሲያብራራ ትልልቅ ቃላት ይጠቀማል። ተማሪዎቼ ቃላቱን ሸምድደው ለፈተና ይጽፏቸዋል፤ ከፈተና በኋላ ይረሷቸዋል። ስለዚህ ሌላ መንገድ ሞከርኩ። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ተረት ይዞ ይመጣል፤ በየተረቱ ውስጥ እየተመላለሰ የሚገኘውን ነገር አብረን እንፈልጋለን፤ ስናገኘው ስም እናወጣለታለን። ስሙ ከመጽሐፍ የተቀዳ መሆን የለበትም። አጭር መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ቤት ሄደው ሲናገሩት የሰማው ሰው ማብራሪያ ሳይጠይቅ እንዲገባው ነበር የምፈልገው።

የመጀመሪያው ስም «አትክፈት» ነበር። የተከለከለ ሣጥን፣ የተከለከለ ክፍል፣ የተከለከለ ፍሬ ያለበት ተረት ሁሉ እዚያ ገባ። ኋላ የሚቀመጥ አንድ ቀልደኛ ልጅ፣ «ቲቸር፣ አትክፈት ባይሉት እኮ ሰውዬው ሣጥኑን ዞር ብሎም አያየውም» አለና ክፍሉን አሳቀው። ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ አርፍዶ መጥቶ በር ባንኳኳ ቁጥር ከውስጥ «አትክፈት» ይሉት ጀመር። ቡቱቶ ለባሹ መንገደኛ «የደጅ እንግዳ» ተባለ። ወደ ኋላ እንዳያይ ተነግሮት የሚያየው ደግሞ «አንገቱ» ተባለ። ለምን አንገቱ እንደተባለ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ገብቶታል።

ስሞቹ ከክፍል ወጥተው ከተማውን ዞሩ። አንድ ቀን የቤቱ ባለቤት፣ ግቢያቸው ውስጥ ክፍል የተከራየሁባቸው እናት፣ በራፌ ላይ ቆመው፣

«መምህር፣ ለተረት ክርስትና ታነሣለህ አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ድግሱ የታለ?»

በሣቅ እየተንከተከቱ ወደ ጓዳቸው ገቡ። እኚህ ሴት ሲስቁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ብዙ አይስቁም። አንድ ልጃቸው ዐረብ አገር ሄዷል፤ ከክረምት ወዲህ አልደወለም። ስልካቸውን እንደ መስቀል በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚውሉት።

ከስሞቹ ሁሉ ክፍሉን ዝም ያሰኘው «ትንሽ አሟት» የተባለው ነው። ያወጣችው በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ ልጅ ናት። አባቷ ከቆላው ወጥቶ ራቤል ገበያ ላይ ጨርቅ ይነግዳል፤ እሷ ደግሞ ብዙ አትናገርም፣ ስትናገር ግን ነገሩን መሐሉ ላይ ትመታዋለች። የምንፈልገው ስም፣ በተረት ውስጥ ክፉ ወሬ በአንድ ጊዜ ሳይወጣ እየተቆነጠረ ለሚነገርበት ልማድ ነበር። እጇን አውጥታ «ትንሽ አሟት» ስትል አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ፈገግታው ጠፋ።

ለከተማ አንባቢ ላብራራው። በእኛ አገር ሰው ሩቅ ያለ ዘመዱ ሲሞትበት «ሞተ» ተብሎ አይነገረውም። መጀመሪያ «ትንሽ አሟት ነበር» ይባላል። ይህም ቢሆን የሚባልበት ሰዓትና የሚለው ሰው አለው። መርዶ የሚረዳው ከዘመድ አፍ ነው፤ ዘመዱ እስኪደርስ ይጠበቃል። የሚረዳው ማለዳ ነው፤ ሰውየው አንዲት ሌሊት እንቅልፍ እንዲያገኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፤ ከሰማ በኋላ ስንት ቀን እንደማይበላ ይታወቃላ። እስከዚያ አገሩ በሙሉ ያውቃል፤ አገሩ በሙሉም አፉን ይይዛል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ በኩል አንድ ነው። ስሙ ጥሩ ስም ነበር፤ ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም።

ይህን ሁሉ ለእናቴ በስልክ እነግራት ነበር።

ተረት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ያን ጊዜ ታማ ነበር። የሕመሟን ስም ሐኪሙ ጽፎ ሰጥቷታል፤ እሷ ግን አንድም ቀን ስትጠራው አልሰማሁም። «ያ ነገር ትናንት ተነሥቶብኝ» ትላለች፤ «ዛሬ ተወት አርጎኛል» ትላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ኔትወርክ ፈልጌ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ እወጣለሁ፤ እዚያ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ድምፅ ግን ይመጣል። የወሩን ስሞች በቅደም ተከተል ስዘረዝርላት እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ትሰማኛለች። ከዚያ፣

«ስም ካወጣህለትማ ይሰማሃል» ትለኛለች።

«እማ ደግሞ። ተረት እኮ ነው።»

«እንዴ፣ ስም የወጣለት ነገር ሲጠሩት አይመጣም?»

ትስቃለች፤ ሣቋ ወደ ሳል ይለወጣል፤ ስልኩን እህቴ ትቀበላታለች።

በመጨረሻው ቅዳሜ ስም ያጣሁለት አንድ ልማድ ቀርቶ ነበር። እሱን ልጠይቃት ደወልኩ። ልማዱ ይህ ነው፦ በታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ሰሚውም የሚያውቀውን ነገር፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቀውም። ምሳሌ የወሰድኩት እሷው ከምትነግረን የነጋዴው ተረት ነበር። ላሳጥረው።

አንድ ነጋዴ ሩቅ ገበያ ከርሞ ለሚስቱ ባለ ቀይ ጥለት ነጠላ ገዝቶ ይመለሳል። ወንዙ ላይ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ዘፈናቸውን አቁመው «ና፣ ቅመስ» ይሉታል። ነጋዴው «ዝናዬ ቀድሞኝ ገብቷል» ይላል። በድንበር የተጣላው ሰው ከማሳው ወጥቶ ትከሻውን ይስመዋል። «ትርፌን ሰምቶ ነው» ይላል። በየደረሰበት ያበሉታል፤ በየደረሰበት ወንበር ይለቁለታል። እኛ ልጆቹ በየመሐሉ «አልሰማም፣ ገና አልሰማም!» እያልን እንጮህ ነበር። ነጋዴው በመጨረሻ ጠግቦ፣ ነጠላውን በትከሻው ጥሎ ደጁ ይደርሳል። እናቴ እዚያ ላይ ታቆማለች። «ከዚያስ?» ስንላት «ከዚያማ በሩን ከፈተ» ትላለች። ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ ነግራን አታውቅም።

«ለእሱስ ምን ስም ልስጠው?» አልኳት።

ቆየት አለች። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«እሱ ስም አለው» አለች። «እናቴ የምትጠራው ስም አለው።»

«ማን ትለው ነበር?»

«በስልክ አይጠራም፣ ልጄ። ስትመጣ እነግርሃለሁ።»

የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ቀርቦ ነበር። ስመጣ ትነግረኛለች ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እስክሰማው ድረስ ሰሌዳው ላይ በራሴ ቃል «ያልሰማው» ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራኝ። የተማሪ ውጤት የሚልክበት ስልኩ እንደተበላሸበት ነገረኝና የእኔን እስከ ቅዳሜ እንዳውሰው ጠየቀኝ። እንኳን ስልክ፣ እስክሪብቶ ለመዋስ የሚሽኮረመም ሰው ነው። ሰጠሁት። ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለኝና «እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ» አለኝ። ወንድሜ ብሎኝ አያውቅም። ትሕትናው ደስ አሰኝቶኝ ወጣሁ።

ዓርብ ያስተማርኩት ክፍለ ጊዜ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ካስተማርኩት ሁሉ የተሻለ መስሎኝ ነበር።

የነጋዴውን ተረት ነበር የምነግራቸው። ስገባ ሁሉም ተቀምጠዋል፤ ሰሌዳው ተጠርጓል፤ ጠመኔው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ያ ቀልደኛ ልጅ እንኳ በሰዓቱ መጥቷል። ተረቱን ጀመርኩ። ወንዙ ጋ ስደርስ «ሰውዬው ሰምቷል ወይስ አልሰማም?» ብዬ ጠየቅኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጣሪያው ይነሣ ነበር። ያን ቀን አንድ ልጅ ቀስ ብሎ «አልሰማም» አለ። የተጣላው ሰው ትከሻውን የሳመበት ጋ ስደርስ አንዲት ተማሪ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች። በልቤ «ይኼ ነው ማስተማር» አልኩ። ሰሌዳው ላይ «ያልሰማው» ብዬ ጻፍኩና ልማዱን በደንብ አብራራሁት። የዚህ ልማድ ኃይል ያለው በምሥጢሩ ላይ እንዳልሆነ፣ ሰሚው ምሥጢሩን ቀድሞ እንደሚያውቀው፣ ኃይሉ ያለው ባልሰማው ሰው ደስታ ላይ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሰውየው ሲደሰት እኛ እንጨነቃለን አልኩ። በዝርዝር ነው ያስረዳኋቸው። አንድም ሰው አላሳለም።

በመጨረሻ በመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ያ ሰውዬ ሲሰማ ማንን ይቀየማል?»

ጥሩ ጥያቄ ስለነበረ አመሰገንኳት። «ማንንም» አልኩ። «ወንዙ ላይ ቢነግሩት ኖሮ የቀረውን መንገድ ሁሉ ሐዘኑን ተሸክሞት ይሄድ ነበር። እነሱ ተሸከሙለት።»

ራሷን ነቀነቀች። ቁጭ ስትል አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀለለችው። ብርድ ነው አልኩ፤ የራቤል ክፍል መስታወት የለውም።

ቤት ስደርስ ግቢው ተጠርጓል። ከጎረቤት የመጡ አግዳሚ ወንበሮች ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል። ሁለት ሴቶች ማጀት ውስጥ ሲያወሩ ነበር፤ ድምፄን ሲሰሙ ዝም አሉ። እማማ ዓይናቸው ቀልቷል። ምን እንደሆኑ ብጠይቃቸው ጭሱ ነው አሉኝ። ማጀቱን አየሁት፤ ጭስ አልነበረም።

እዚህ ላይ እኔ ምን እንዳሰብኩ በቅደም ተከተል ልናገር፤ ምክንያቱም ምልክቶቹን አንድ በአንድ በትክክል አንብቤአቸው ነበር። የተጠረገ ግቢ፣ የተዋሱት ወንበር፣ የሚቋረጥ ወሬ፣ የቀላ ዓይን። ይህ «ትንሽ አሟት» ነው አልኩ። ነገ ማለዳ በዚህ ግቢ መርዶ ይነገራል። የሚነገረውም ለእማማ ነው፤ ዐረብ አገር ያለው ልጃቸው ነው። እሳቸው ልባቸው ጠርጥሯል፣ ገና ግን አልሰሙም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ እህል መቅመስ አለባቸው።

ሊመሽ ሲል እራት አቀረቡ። የገብስ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በሌላ ጊዜ ለክቡር እንግዳ ካልሆነ የማይነካ የኑግ ዘይት ገብቶበት። ትሪው መካከላችን ነው። እኔ የምበላው ለእሳቸው ስል ነው፤ እኔ ካልበላሁ እሳቸው አይበሉማ።

«ብላ እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ።

«እርስዎ ይብሉ፣ እማማ። ምንም አልቀመሱም።»

«እኔ ስሠራ ስቀምስ ነው የዋልኩት። ይችን ጨምር።»

አጎረሱኝ። እኔም ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። በሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ አልደፍርም ነበር። ተቀብለው ዋጡት። ሌላ አጎረሱኝ፤ ሌላ አጎረስኳቸው። እንደዚያ እየተጎራረስን፣ አንዳችንም ሳይርበን፣ ትሪውን ጨረስነው። ሲነሡ እጃቸውን ራሴ ላይ ጣል አድርገው አለፉ። «እኚህ ምስኪን» አልኩ በልቤ።

ደህና ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ ከደጅ የሰው ሳል ሰማሁ። የሚያስለው ታሞ ሳይሆን መምጣቱን ለማሳወቅ እንደሆነ ያስታውቃል። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ጉሙ ግቢው ውስጥ ገብቷል፤ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ ባንድ ከጉሙ ውስጥ ይወጣሉ። ርዕሰ መምህሩ አለ። የተማሪዎቼ አባቶች አሉ፤ ጨርቅ ነጋዴውም አለ። እማማ በራቸው ላይ ቆመዋል። ቶሎ ብዬ ሄድኩና ከኋላቸው ቆምኩ፤ ሲወድቁ እንድይዛቸው ብዬ። ትከሻቸውን ያዝኩ። እሳቸው እጃቸውን ወደ ላይ ሰደው እጆቼን ያዙኝ፤ አጥብቀው ያዙኝ። የሚወድቅ ሰው እንዲህ አይዝም።

ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ኋላ አጎቴን አየሁት።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ጫማው አቧራ በአቧራ ሆኗል፤ ነጠላው ላይ የመኪና ግራሶ አለ። የመጀመሪያው ሐሳቤ «ጋሼ ራቤል ምን ይሠራል?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ሐሳብ ቶሎ አልመጣም። ሁሉም ወደ እማማ ሳይሆን ከእሳቸው በላይ፣ ወደ እኔ ያያሉ። ጨርቅ ነጋዴው ወደ መሬት ያያል። አጎቴ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከመርሐቤቴ ጀምሮ ያን ሁሉ ዙሪያ ይዞት የመጣውን ቃል።

«ትንሽ አሟት ነበር» አለ።

የዚያን ጠዋት ቀሪውን አልጽፈውም።

እናቴ የሞተችው ሐሙስ ንጋት ላይ ነው። እህቴ የደወለችው ለርዕሰ መምህሩ ነበር። ስልኬን የተዋሰው የሐዘን መልእክት ቀድሞ እንዳይደርሰኝ ነው። ዓርብ ጠዋት ከተማው በሙሉ ሰምቷል፤ ክፍል ውስጥ ያሉት ተማሪዎችም ሰምተዋል። ቀልደኛውን ልጅ በሰዓቱ እንዲመጣ ያስጠነቀቀው አባቱ ነው። በሰሌዳው ላይ ያንን ስም ስጽፍ የሚያዩት ጀርባዬን ነበር።

ከአጎቴ ጋር ወደ አገሬ ስሄድ ቀብሩ አልፏል። ሐዘን ላይ ተቀምጬ ሰው ጋብ ባለ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ እጠይቅ ነበር፦ የነጋዴውን ተረት አያቴ ስትነግር ያንን ያልሰማውን ሰው ማን ትለው ነበር? አጎቴ አያስታውስም። እህቴ ስም እንዳለው አልሰማችም። አክስቴ ብዙ አሰበችና፣ «ስም? አያትህ እኮ እዚያ ጋ ስትደርስ ዝም ትል ነበር። የቅርቧን ልጅ ራስ ትዳብስ ነበር፤ በቃ» አለችኝ። ልክ ትሆናለች። ግን እናቴ ስም አለው ብላኛለች፤ በስልክ የማይጠራ ስም። ዝምታ ቢሆንማ በስልክም ዝም ትል ነበር። ከዚያ ደግሞ ያቺ ስትቆይብኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ያልኩባት ጊዜ ትዝ ትለኛለች፤ ነግራኝ ይሆን እንዴ እላለሁ።

ራቤል ተመልሼ ክፍል የገባሁ ቀን ሰሌዳው ላይ ምንም አልነበረም። ስለ ሌላ ነገር አስተማርኩ። ተማሪዎቹ ሲወጡ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ወደ ኋላ ቀረች። ልትናገር ፈልጋ አቃታት። እኔ ረዳኋት፤ ጥያቄዋን ድጋሚ እንድትጠይቀኝ ነገርኳት።

«ማንን ተቀየሙ፣ ቲቸር?»

«ማንንም» አልኳት። ያው መልስ ነው። የዓርቡ መልስ ግን ያልጨረስኩት መልስ እንደነበረ አሁን አውቃለሁ። እንዲህ ብዬ አስረዳኋት፦ ሐሙስ ንጋት ላይ እናቴ ለእህቴ ሞተች። ወዲያው ለጎረቤት፣ ለአጎቴ፣ ለርዕሰ መምህሩ ሞተች። ዓርብ ለእናንተ ሁሉ ሞተች። እስከ ቅዳሜ ማለዳ በሕይወት የነበረችው በአንድ ሰው ቤት ብቻ ነው፤ ያም እኔ ነኝ። ያን ሰው የሚያበሉትና ወንበር የሚለቁለት፣ ምናልባት፣ ሟቿ ለመጨረሻ ጊዜ ያደረችው እሱ ዘንድ ስለሆነ ነው። ልጅቷ ይህን በደብተሯ አልጻፈችም። ጥሩ አደረገች።

እማማ ደግሞ ከብዙ ቀን በኋላ፣ እራት ላይ፣ ትሪውን እያዩ፣

«ያን ለት የእኔ ልጅ መስሎህ ነው ያጎረስከኝ፣ አይደል?» አሉኝ።

መካድ አልቻልኩም። ፈገግ አሉ። ከዚያ በክሩ ላይ ያለውን ስልክ ወደ ደረታቸው መለሱት።

«ለእኔ ሲመጡ እንዳታበላኝ። አውቄብሃለሁ።»

ልጃቸው እስካሁን አልደወለም። እኔ ሳላውቀው ልማድ ሆኖብኛል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ በመጀመሪያ የማየው ግቢው ተጠርጎ እንደሆነ ነው። ማለዳ ሰው ሲያስል ከአልጋዬ ላይ ተነሥቼ እቀመጣለሁ። ሰው ከወትሮው በላይ ሲያከብረኝ፣ ሻይ ቤት ሒሳቤን ሲከፍልልኝ፣ ታክሲ ላይ መቀመጫ ሲለቅልኝ፣ ዓይኑን አያለሁ። አስተማሪ ነኝ፤ ስም ማውጣት ነገሩን እንደማይጠራው አውቃለሁ። የእናቴ ሕመም ከስሙ በፊት ነበረ፤ ሐሙስም ከዓርብ በፊት ነው። ይህንን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ላሳያችሁ እችላለሁ። ሆኖም «ያልሰማው» የሚለውን ስም ከዚያ ወዲህ ጽፌው አላውቅም። ተማሪዎቼም አይጠሩትም፤ ተረት ውስጥ ሲያገኙት «ያኛው» ይላሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አሁን እናንተ ሞክሩት። ሥራው ከባድ አይደለም። ዛሬ አንድ ተረት ወይም ልብ ወለድ ውሰዱ፤ «ይህን ቦታ አውቀዋለሁ» የምትሉበትን ቦታ ፈልጉ፤ ቤታችሁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በሚገባው ቃል ስም አውጡለት። ሣጥኑን፣ መንገደኛውን፣ አንገቱን ታገኟቸዋላችሁ። ያኛው ላይ ስትደርሱ ግን ከራሳችሁ አታውጡ፤ ተረት የነገራችሁን ሰው ጠይቁ። «ስትመጣ እነግርሃለሁ» ካለ፣ ዕረፍት አትጠብቁ፤ ሂዱ። ስሙን ካገኛችሁት ለእኔም ንገሩኝ። በስልክ ግን አይሁን።